ውሃ ያልነካው እግር

ይሄን አንብባችሁ "ፈጠራ ነው" የምትሉ አትጠፉም። በሉ፤ አልቀየማችሁም። እኔም ከሰው ብሰማው አላምንም ነበር። ግን ጋቢናው ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

1981 ዓ.ም፣ ሐምሌ ወር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከወይጦ ሜዳ ወደ ጂንካ በሚያመጣው መንገድ ላይ ነበርን።

ጨው በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን። ሾፌሩ ጋሽ ወርቅነህ፣ እኔ፣ እና ታናሽ ወንድሜ ሶርሳ።

ሶርሳን ያመጣሁት ከአዲስ አበባ፣ ቁስለኞች ከሚተኙበት ሆስፒታል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቅቤ ሊሸጥ ገበያ እንደወጣ በአፈሳ ይዘው ጦር ሜዳ ላኩት። ለአገር ነው አሉን። ቅቤውንም ወሰዱት፤ እሱም ለአገር ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ የእናታችን ጸሎት አንድ ብቻ ሆነ።

"ጌታ ሆይ፣ ልጄን በእግሩ ቤቴ አስገባልኝ።"

ሌላ ነገር አትለምንም። "እግሩን በገዛ እጄ ሳላጥብ አልሞትም" ትል ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለዚህ ነው። ልጇን በእግሩ ላስገባላት።

ደግሞም በእግሩ ይሄዳል። የቆሰለው ትከሻው ነው።

የአሸዋው ወንዝ ጋ ስንደርስ ሞልቶ ጠበቀን። በበጋ ፍየል የሚተኛበት አሸዋ፣ አሁን ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል።

ጋሽ ወርቅነህ ሞተሩን አጠፋ። "ሰው ቀድሞ ካልገባ አልነዳም" አለ።

በዚያ መንገድ ሾፌሮች እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ውሃ ሲሞላ አንድ ሰው ከፊት በእግሩ ይገባል፤ ሾፌሩ ውሃው የት ድረስ እንደያዘው እያየ ይከተለዋል። ያሻገረ ሰው ደግሞ ጋቢና ይጫናል። ቢጠብም ይጫናል።

ማን ይግባ ስንባባል...

ውሃው ውስጥ ሰው ቆሟል።

ከየት እንደመጣ አላየንም። ረጅም የወታደር ካፖርት ለብሷል። ጀርባውን እንደሰጠን በእጁ "ኑ" አለን።

"እሰይ! ሰው አይጠፋም" አለ ጋሽ ወርቅነህ። ተከተለው።

ውሃው የመኪናውን መብራት ዋጠው። በበሩ ስር ገብቶ እግሬን አራሰኝ።

ሰውዬውን ግን... ከጉልበቱ በታች ነበር የያዘው።

መሃል ላይ ጎማችንን ቅርንጫፍ ያዘው። ሶርሳ ወረደና እስከ ደረቱ ተነክሮ አላቀቀው። ተመልሶ አጠገቤ ሲቀመጥ ከልብሱ የሚወርደው ውሃ እኔንም አበሰበሰኝ።

"አንተ ውሻ!" አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ማዶ ወጣን። ጋሽ ወርቅነህ በሩን ከፍቶ "ና ወንድሜ፣ ግባ!" ብሎ ተጣራ።

ማንም የለም።

ዳሩ ለጥ ያለ አሸዋ ነው። መደበቂያ ቁጥቋጦ እንኳ የለውም።

ትንሽ እንደሄድን ሶርሳ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"እህቴ... ሰውዬው ከውሃው ሲወጣ እግሩን አየሽው?"

"ምን ሆነ?"

"አቧራ ነው። ደረቅ አቧራ።"

በመስኮቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ወንዙ አየሁ።

"አውቀዋለሁ" አለኝ በሹክሹክታ። "ተከዜ ላይም እንዲሁ ከፊታችን ገባ። ጓዶቼ ተከተሉት። እኔ ተመትቼ ዳር ወድቄ ስለነበር ቀረሁ... ከነሱ አንድም አልወጣም።"

"ትኩሳት ነው የሚያስለፈልፍህ። እኛን አሻገረን አይደል?"

"ቤት መቼ ደረስን?"

ግንባሩን ዳሰስኩት። ትኩሳት የለውም።

ጂንካ መግቢያ ካለው ወንዝ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ከማዶ የከተማው ቆርቆሮ ይታያል። ከእናቴ ጓሮ የሚወጣውን ጭስ ለይቼ አየሁት።

ይሄም ወንዝ ሞልቷል።

ሰውዬውም ቆሟል።

እኛ በመኪና፣ እሱ በእግሩ... ቀድሞን ደርሷል። እጁን አንስቶ "ኑ" አለን።

ጋሽ ወርቅነህ አማተበ። "እሱን አልከተልም። ውሃው እስኪጎድል እዚሁ እናድራለን።"

"እኔ አላድርም" አለ ሶርሳ።

"ሶርሳ፣ እግዜር ያሳይህ፣ ነገ..."

"የእናቴን ጭስ እያየሁ ወንዝ ዳር አላድርም! ልጅ ሆኜ የዋኘሁበት ወንዝ ነው። ከሱ ኋላም አልሄድም፤ በራሴ በኩል ነው የምገባው።"

ጫማውን አውልቆ ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ገና አልደረቀም ነበር። እጁን ያዝኩት፤ አስለቀቀኝና ወረደ።

ከሰውዬው ርቆ፣ ከላይ በኩል ገባ። ውሃው ጉልበቱን ያዘው... ወገቡን... ደረቱን...

ከዚያ ጭንቅላቱ ጠፋ።

"ሶርሳ!"

ድምፄን ውሃው በላው። ጋሽ ወርቅነህ እንዳልዘል ክንዴን ያዘኝ። ካፖርት የለበሰውም የለም። ወንዙ ላይ ማንም የለም።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

መሃል ላይ ሶርሳን አየሁት። ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶናል። በእጁ "ኑ" ይለናል።

ውሃው ከጉልበቱ በታች ነበር።

ጋሽ ወርቅነህ ሞተሩን አስነሳ። እያለቀሰ ነዳ። ለምን እንደሚያለቅስ አልጠየቅኩትም።

ማዶ ላይ በሩን ከፈተለት። ሶርሳ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ሶርሳ... በረደህ?"

"ቤት እንሂድ።"

ጋቢናው ጠባብ ነው፤ ጎኑ ጎኔን ነካ። ደረቅ ነበር።

እናቴ እልል ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እየሳመች አስቀመጠችው። ውሃ አሙቃ፣ ሳፋ አቅርባ፣ ሁለት ዓመት እንደተመኘችው እግሩ ስር ተንበረከከች።

አፈሰሰች።

ውሃው እግሩ ላይ ወረደ። አቧራው አልለቀቀም። ጭቃ እንኳ አልሆነም።

የእናቴ እጅ ቆመ። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ቀጥሎ እኔን። ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን፣ ገና ያልደረቀውን ጫማውን።

"እማ..."

"ዝም በይ።"

"እማዬ፣ ይሄ እኮ..."

"ዝም በይ አልኩሽ! በእግሩ ገብቶልኛል። ሌላ ምን ለመንኩ?"

ጎንበስ ብላ ማጠቧን ቀጠለች። "ሌላ ውሃ አምጪ" አለችኝ። አመጣሁ። "ደግመሽ አምጪ።" አመጣሁ። ሳፋው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ቀሚሷ ረጠበ፤ እኔም ረጠብኩ... እሷ ግን ያን ደረቅ አቧራ በሁለት እጇ እያሸች፣ "ደግመሽ አምጪ" ትለኛለች።