የአራት ደቂቃ ዝምታ

የሮኒ ሳይፕስ ሬሳ የተገኘው ከሬዲዮ ጣቢያው ጀርባ፣ ከምሰሶው ሥር ነው። ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ። ቀኝ መዳፉ እስከ አጥንቱ ከስሏል። ምሰሶው ላይ ሊገጥመው ይዞት የሄደው አዲስ ቀይ አምፖል ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነው። ከጎኑ የወደቀችው የኪስ ሬዲዮው አሁንም ዘፈን ታሰማለች።

ሸሪፍ ሃርላን ቲግ ጎንበስ ብሎ አጠፋት።

የኤ.ኤም. ጣቢያ ምሰሶ ራሱ አንቴና ነው። ማሰራጫው እስካልጠፋ ድረስ፣ መሬት ረግጦ የነካው ሰው አይተርፍም።

ያቺ የካንሳስ የስንዴ ከተማ ጣቢያው ከተከፈተላት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አሥራ ስድስቱን ዓመት ጠዋት ጠዋት የቀሰቀሳት ዴልማር ቮስ ነበር። የእህሉን ዋጋ፣ የዝናቡን ወሬ፣ የሟቾቿን ስም የሰማችው በእሱ ድምፅ ነው። አምና የጣቢያው ባለቤት የሃያ አራት ዓመቱን ዲጄ ሮኒን አመጣና የጠዋቱን ሰዓት ሰጠው። ዴልማር ወደ ረፋድ ተገፋ።

ሸሪፉ ዴልማርን ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ አገኘው። ክራባቱን እንኳ አላላላም።

"ምን ተፈጠረ፣ ሚስተር ቮስ?"

"ሮኒ የምሰሶውን አምፖል ሊቀይር ወጣ። አራት ሰዓት ላይ ዘፈኑን አቁሜ ማሰራጫውን አጠፋሁለት።"

"መጥፋቱን በምን አወቁ?"

"የማሰራጫው ኃይል መለኪያ መርፌ ዜሮ ላይ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ተመልሳ ወጣች። ሮኒ ጨርሶ ያስበራው መስሎኝ ዘፈኑን ቀጠልኩ።"

"ሌላ ማብሪያ አለ?"

"ማሰራጫው ቤት ውስጥ። ቁልፉ ያለው መርል ጋ ነው።"

መርል ጋንዝ የጣቢያው ቴክኒሻን ነው። ሮኒ የመርልን ሴት ልጅ አገባሻለሁ ብሎ ትቷታል። መርል ደግሞ አንገቱን እሰብረዋለሁ ብሎ ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማው ፎክሯል።

"ገድለኸዋል?" አለው ሸሪፉ።

"ተመኝቼ ነበር። አልገደልኩትም።"

"አራት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"ቤቴ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ታሰረ። በማግስቱ የቤቱ መስኮት በድንጋይ ረገፈ። ልጁ ከምትሠራበት ሱቅ ተባረረች።

ሐሙስ ዕለት ኦፓል ሬንፍሮ ስልክ ደወለች። አሮጊቷ አልጋ ላይ ከዋለች ሰባት ዓመቷ ነው።

"ሃርላን፣ ያንን ምስኪን ለምን አሰርከው?"

"ማሰራጫውን መልሶ አብርቶ ነዋ፣ እማማ ኦፓል።"

"መልሶ እንዲበራ መጀመሪያ መጥፋት አለበት፣ የኔ ልጅ።"

"ጠፍቶ ነበር።"

"አልጠፋም። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለኝ ሬዲዮ ነው። ጣቢያው ሲጠፋ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጫጫል። ማክሰኞ ግን ዘፈኑ ቆመና ጭጭ አለ። አንድ ሰው ትንፋሹን ውጦ አጠገቤ የተቀመጠ ነበር የመሰለኝ።"

ሸሪፉ የሬሳውን የኪስ ሬዲዮ ይዞ ወደ ጣቢያው ሄደ። ዴልማር እያየ ማሰራጫውን አጠፋው። ትንሿ ሬዲዮ ተንጫጫች። አበራው፤ ዘፈኑን ብቻ አቆመ። ጭጭ።

"መርፌዋ አልወደቀችም፣ ሚስተር ቮስ።"

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"አልወደቀችም።"

"ለምን?"

"ኤድና የሞተች ጊዜ ስሟን ራሴ ላንብብ አልኩ። የከተማውን ሟች ሁሉ አንብቤ የሚስቴ ያቅተኛል አላልኩም። መሃል ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያ ልጅ ቀዳው።"

ሸሪፉ ያውቃል። ከተማው በሙሉ ያውቃል። ሮኒ ለአራት ወር፣ በየጠዋቱ፣ "ከአልጋው አልነሳም ያለ እንዲህ ያልቅስ" እያለ ያንን ልቅሶ ያሰማ ነበር። ልጆች መንገድ ላይ ዴልማርን ሲያገኙት ድምፁን እያስመሰሉ ይነፋረቁበታል።

"እንዲተው አልነገሩትም?"

"ተንበርክኬ ለመንኩት። ልመናዬንም ቀድቶ አሰማው።"

"አምፖሉስ?"

"ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሬዲዮው ዝም ሲል ምሰሶውን ንካ ብዬ አስተማርኩት። ልጁ ዝምታን ከዝምታ አይለይም ነበር። ሬዲዮዋን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሲያዳምጥ በመስኮት አየሁት። ከዚያ እጁን ዘረጋ።"

"አራት ደቂቃ ሙሉ ምን ይጠብቁ ነበር?"

"መንፈራገጡን እስኪተው።"

ሸሪፉ ካቴናውን አጠለቀለት። መርልን ፈታው፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን ማንም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሮኒ እናት ቤት ነዳ። ሎሪን ሳይፕስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ማን እንደገደለው ነገራት።

"ልጄ ምን አድርጎት?" አለች።

የዴልማርን ልቅሶ ነገራት። ልመናውንም ነገራት።

"በዚያ ነው?" አለች በመጨረሻ። "እሱ እኮ ቀልድ ነበር፣ ሸሪፍ። ቁርስ ላይ ሆነን ስንቴ ስቀናል።"

ሸሪፉ ባርኔጣውን አነሳ። እሱም መኪናው ውስጥ ሆኖ ስንቴ እንደሳቀ አልነገራትም።