ለጊዜው ባዩ ተከራይ

ልብስ ሰፊዋን ለዓመታት ሲያብከነክናት የኖረው አንድ ቃል ነው፤ «ለጊዜው»።

ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየው የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ሰው «የት ነው የምትኖረው?» ባለው ቁጥር «ለጊዜው እዚህ ነኝ» ይላል። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ደንበኛም ለጊዜው። ለጎረቤቱም ለጊዜው። እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ትሰማለች። «ይሄ ሰውዬ መሄጃውን አዘጋጅቷል» ትላለች በሆዷ።

ይኸው ሰው ሰሞኑን «እንጋባ» አላት፤ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል።

«ላስብበት» አለችው። ልቧ ግን እሺ ብሎ ነበር።

እህቷ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ምኑን ነው የምታስቢው? መልአክ የመሰለ ሰው!»

«መልአክማ ክንፍ አለው፣ እትዬ። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ የተከለችለትን ሸሚዝ ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች፤ እሱ ቁጭ ብሎ የተማሪ ደብተር ያርማል። ልታስቀምጥለት ቁም ሳጥኑን ብትከፍት ወና ነው። አልጋው ሥር ግን ሻንጣ አፉን ከፍቷል፤ ልብሱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ደሟ ፈላ።

«ሌላ ቦታ ሚስት አለችህ እንዴ?»

«ኧረ ምን ነካሽ! የምን ሚስት?»

«ታዲያ የት ነው የምትኖረው? ለጊዜው ካልከኝ ዛሬ እንተያያለን!»

ሳቅ ሊል ፈልጎ ተወው።

«አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አለች» አለ። «ድዌል። መኖር ማለት ነች።»

«እኔ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲያ አልገፋሁም። በትምህርት አትሸፍንብኝ።»

«ስሚኝማ። ድሮ ድሮ ትርጉሟ ማሳሳት ነበር። ሰውን መንገድ ማሳት።»

«አላልኩህም? የገዛ ቃልህ መሰከረብህ።»

«ቆይ እንጂ! መንገድ የሳተ ሰው ይዘገያል፤ ቃሏም እየዋለች እያደረች መዘግየት ሆነች። የዘገየ ደግሞ እዚያው ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያለች መኖር ሆና አረፈች።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም በርሽን ያንኳኳሁት ተሳስቼ ነው፤ ሌላ ቤት ነበር የምፈልገው። አንቺ መርፌ በጥርስሽ እንደነከስሽ በእጅሽ ግባ አልሽኝ። ትንሽ ልቆይ ብዬ ዘገየሁ። 'እኖራለሁ' እንዳልል ቤቱ ያንቺ ነው፤ 'ኑር' ያለኝ የለም። ሻንጣዬን ያላራገፍኩት ድንገት ውጣ ብትዪኝ ብዬ ነው።»

«እኔ? እኔ ውጣ ልልህ?»

«ፊትሽ ሁልጊዜ የተቆጣ ነዋ!»

ጨርቅ ገልብጣ ስፌቱን እንደምታይ አገላብጣ አየችው። ውሸት ፈለገች፤ አጣች። ያም አላስደሰታትም።

«ምላስህ ቅቤ ነው። አሁንም ገና አላመንኩህም» አለችው።

ከዚያ ተንበረከከች። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያወጣች ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀለች፤ ሱሪዎቹን፣ ካልሲዎቹን ሳይቀር ደረደረች። ባዶውን ሻንጣ አንጠልጥላ ወጣች።

«ወዴት ነው ሻንጣዬን?» አለ ከኋላዋ።

በቀጥታ እህቷ ቤት ሄዳ በሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሰጂው፤ ልጆችሽ ይጠቀሙበት።»

«የማን ነው ደግሞ?»

«የባሌ» አለች።