ለሁለት ሊቆረጥ የመጣው ሰንደቅ

ቡዳ፣ ዛር፣ መንፈስ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እናቴ እንኳ «ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው» ትለኝ ነበር፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ «እንቅልፍ አጥተሽ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ግን በራሴ ላይ ደረሰ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ መብራት በርቶ።

ጀርመን አገር፣ ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ታደሰ ቦናመስ ከሚባለው ጎረቤት ሰፈር ይመጣሉ፣ ድሮ በተማሪነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው፣ የሚመጣልኝን የጀርመንኛ ደብዳቤ ያነቡልኛል፣ ከዚያ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። እዚህ አገር ሌላ ዘመድ የለኝም፣ ዘመዴ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ኅዳር ቴርሚን፣ ያው ቀጠሮ፣ ይዞ የነበረ አንድ ጀርመናዊ ገባ፣ ኸር (አቶ) ክራመር እንበለው። በስስ ነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ጥቁር ሊባል የደረሰ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ መሃሉ ላይ አንበሳ አለ፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን አንበሳው ከጅራቱ እስከ ጥፍሩ በዐረብኛ ፊደል የተሠራ ነው፣ ከጎኑ ደግሞ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰይፍ።

«ኢንዶኔዥያ አንድ አገር ሳትሆን በፊት እያንዳንዱ ሱልጣን የራሱ ሰንደቅ ነበረው፣ ይሄ የቺሬቦን ሱልጣኖች ነው፣ አያቴ መርከበኛ ነበር» አለኝ። እንዴት አያቱ እጅ እንደገባ ስጠይቀው ወደ መስኮቱ ዞረ። «ከወንድሜ ጋር በውርስ ተጣልተናል፣ መሃል ለመሃል ይቁረጡልኝ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ጋሽ ታደሰ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውዬው አላማረኝም፣ እንዲህ ያለ ነገር ይቆረጣል እንዴ?» አሉ። እኔም አላማረኝም፣ ግን ሥራ ሥራ ነው፣ መሃሉን ለካሁና በነጭ ጠመኔ አሰመርኩ፣ መስመሩ በአንበሳው ወገብ ላይ አለፈ። ትልቁን መቀስ ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ።

እመኑኝ፣ መቀሱን እንዳነሳሁ ነው የሰማሁት፣ ጧ! ጧ! ነፋስ የመታው ባንዲራ ከፍ ያለ እንጨት ላይ ሲርገበገብ የሚያሰማው ድምፅ። ሮጬ ወጣሁ። መስኮቱ ዝግ፣ በሩ ዝግ፣ ጋሽ ታደሰ ጋዜጣቸው ላይ። የጠመኔው መስመር የለም፣ የተጠረገም አይመስልም፣ ጨርቁን ጠመኔ ጨርሶ ያልነካው ይመስላል።

«ጋሼ፣ ጨርቁን እርስዎ ነዎት ያራገፉት?»

«እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ጓዳ ሆነሽ ስታራግፊ የነበርሽው?»

ቀልደኛ ናቸው፣ ግን አልሳቁም። እኔ ድምፁን የሰማሁት ከሱቁ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ከጓዳው!

እንደገና አሰመርኩ፣ አሁን ዓይኔን አልነቀልኩም፣ እሳቸውም መጥተው አጠገቤ ቆሙ። መቀሱን ጠርዙ ላይ ሳሳርፍ የተሰቀሉት የደንበኞች ልብሶች፣ ኮቱም፣ ቀሚሱም፣ ሱሪውም፣ አንድ ላይ ወደኛ አዘነበሉ፣ ልክ ወለሉ መርከብ ሆኖ ወደ ጎን ያዘመመ ይመስል፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱ። ጋሽ ታደሰ እጄን ያዙኝና «አስቀምጪው፣ ልጄ» አሉ። አስቀመጥኩት።

ኸር ክራመር ሲመለስ «አልቆርጥም» አልኩት፣ ለምን ይለኛል ብዬ ስዘጋጅ፣ እሱ ግን የተሰቀሉትን ልብሶች አየት አድርጎ «ድምፅ ሰሙ?» አለኝ። ሰንደቁን ወደ እሱ ገፋሁት። «ከእርስዎ በፊት የሄድኩባት ልብስ ሰፊም እምቢ ብላኛለች» አለና፣ ሁለታችንም እያየነው ሰንደቁን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ኮቱን እስኪለብስ ቦርሳውን ጋሽ ታደሰ ያዙለት፣ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ደወለ። ወረቀቱን ሲፈታው ባዶ ነው። «እርስዎ ጋ ነው!» አለ፣ መጥቶ መሳቢያዬን ሁሉ በረበረ፣ አላገኘም፣ ፖሊስ እጠራለሁ ብሎ ዛተ፣ አልጠራም። ለምን እንዳልጠራ እሱ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ወይ ሰውዬው ጨርቁን ራሱ ደብቆ ወንድሙን ሊያታልል እኛን ሰበብ አድርጎናል፣ ወይ ደግሞ… ቦርሳውን የያዙለት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ሐሳቡ እንደ እሾህ ተሰካብኝ።

በጥር ጋሽ ታደሰ ሆስፒታል ገቡ፣ አበባዬን አጠጪልኝ ብለው የቤታቸውን ቁልፍ ሰጡኝ። ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ውኃውን ሳልቀዳ ነው ቁም ሣጥናቸውን የከፈትኩት። ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ የድሮ ሙሉ ልብስ። አልጋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ ምንም።

ሲወጡ ቁልፉን መለስኩላቸው። መዳፋቸው ላይ እያገላበጡት ቆዩና፣

«አላገኘሽውም አይደል?» አሉኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ…»

«ተይ፣ ልጄ። እኔም አንቺ ምሳ ልትገዢ ስትወጪ ሱቅሽን ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ።»

ሳቅን፣ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እሳቸው እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን አየኋቸው፣ ከሁለታችን ማን እንደዋሸ፣ ወይስ ሁለታችንም እውነታችንን ከሆነ ያ ጨርቅ ዛሬ የት እንዳለ፣ ማን ይንገረኝ? አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ እንደ ድሮው እናወራለን፣ ሻይ ላፍላ ብዬ ወደ ጓዳ ስነሳ ግን እሳቸውም ምርኩዛቸውን ይዘው ይነሱና ይከተሉኛል፣ እኔም አረፍ ይበሉ አልላቸውም።