ከልኩ ያለፈ ዘይት

መምህሩ መጀመሪያ የተዋወቀው ከጫማዋ ጋር ነው። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ ከአንዲት መኪና ሥር ብቅ ላሉ ሁለት ጫማዎች አንገቱን ደፍቶ፣ «ወንድሜ፣ መኪናዬ ዘይት ታፈሳለች» አላቸው።

ጫማዎቹ ተንቀሳቀሱ። ግንባሯ ጥላሸት የነካው ሴት በጀርባዋ ተንፏቃ ወጣች።

«ወንድምህ ዛሬ አልገባም» አለችው። «እኔ እበቃሃለሁ?»

መካኒኳ እንዲህ ያለውን ስህተት ለምዳዋለች። ሌላው ደንበኛ ወይ ይስቃል፣ ወይ ሌላ ጋራዥ ይፈልጋል። ይሄኛው ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚመርጥ መሰለ። እሷም ለዚያ ሳትወደው አልቀረችም።

የጂኦግራፊ መምህር ነው። የዓለምን ወንዝ ከነገባሩ ያውቃል፤ የመኪናውን ኮፈን መክፈቻ ፍለጋ ግን አሥር ደቂቃ ፈጀበት። መኪናዋ ጡረታ የወጡት የሾፌር አባቱ ነበረች፤ በዕድሜም ትበልጠዋለች።

ዘይት ተንኮለኛ ነው ብላ አስረዳችው፤ ከላይ አምልጦ ከታች ይንጠባጠባል፤ የሚታየውን ጠብታ ያመነ መካኒክ ደህናውን ዕቃ ሲፈታ ይውላል። ስለዚህ ሞተሩን አጥባ አደረቀችው፣ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰችበት፣ አስነሥታም ጠበቀች። መምህሩ ባትሪ ያበራላት ነበር። ከነጩ ዱቄት መሀል፣ ከሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ከጋስኬቱ ሥር፣ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ቁልቁል ወረደ።

«ወንዝ ይመስላል» አለ፣ ትንፋሹን ውጦ።

ጋስኬቱን ቀይራ ዘይቱን በእጇ እስከ ልኩ ሞላችው። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን የሚያፈሰው ከኋላ ነው። ያንንም ደፈነች። በአሥር ቀኑ ደግሞ ከፊት ሆነ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም አልከፋቸውም። እሱ የተማሪዎቹን ፈተና የመፍቻ ሳጥኗ ላይ እያረመ ይቆያል፤ እሷም እጇን ሁለቴ መታጠብ ጀምራለች።

በአራተኛው ግን ፊቱን አጥቁሮ መጣ። የመምህራን ማረፊያ የማይፈርድበት ጉዳይ የለም፤ ባልደረቦቹ የእሷን ጉዳይ በአንድ የዕረፍት ሰዓት ጨርሰውታል።

«እንድመለስ ብለሽ ነው እንዴ ሳትጨርሺ የምትተዪው?» አላት።

በሙያዋ ብዙ ተሰድባለች። የዛሬው የመረራት እንዲመለስ ትፈልግ ስለነበረ ነው። መኪናዋ እስከ ምሳ ሰዓት ትቆይልኝ፣ ቤት አደርሳታለሁ ብቻ አለችው።

እሱ ሲሄድ፣ ያኔ ገና፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች። ራሷ ስለሞላችው ደግማ ለክታው አታውቅም፤ የገዛ እጁን ማን ይጠረጥራል? ዘይቱ ምልክቱን በሁለት ጣት አልፏል። የበዛ ዘይት መውጫ አያጣም፤ አንዱን ቀዳዳ ብትደፍንበት በሌላው ይመጣል።

ትርፉን ቀንሳ መኪናዋን ወደ ቤቱ ነዳች። መምህሩ ትምህርት ቤት ነበር። አባትየው ግቢው ውስጥ ተቀበሏት፤ ኮፈኑን ከፍተው፣ «ልጄ መንገድ ላይ እንዳይቀርብኝ» እያሉ ከጣሳ ዘይት ጨመሩ። ከዚያ ስለ ድሮ መንገዶች ያጫውቷት ገቡ። ወሬው ሳያልቅ ጣሳውን እንደገና አነሡ።

«አባባ፣ አሁን ጨምረዋል እኮ።»

ሽማግሌው ጣሳውን አዩ፤ ከዚያ እሷን። መጨመራቸውን ማስታወስ አቃታቸው።

«ለልጄ እንዳትነግሪብኝ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መንዳቱን ከልክሎኛል። የቀረችኝ ይቺው ናት።»

አሁን የጨመሩትን መልሳ ቀንሳ፣ ጣሳውን ለምና ይዛው ሄደች። ከሰዓት በኋላ ለመምህሩ ደውላ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዘይቱን ደግሜ ሳልለካ ቀርቼ ነው አለችው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። እሱ በጨዋ ደንብ አመስግኖ ዘጋው። ከሚጮህ ሰው ይልቅ የሚያመሰግን ሰው እንዴት እንደሚያስፈራ ያን ቀን አወቀች።

ሁለት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። እሷም የሌላ ሰው መኪና ሥር ተኝታ፣ ብሎን የምትፈታ እየመሰለች፣ የመኪናውን ሆድ ብቻ የምታይበት ጊዜ በዛ።

በሦስተኛው ሳምንት በእግሩ መጣ።

«አንቺን ስወቅስ ሰምቶ አባባ ራሱ ነገረኝ» አላት። «ያቺ ልጅ በእኔ ሰበብ ተሰደበች ብሎ ምሳውን እምቢ አለ።»

እጇን በጨርቅ መጥረግ ቀጠለች።

«ለምን ችለሽው ዝም አልሽ?»

«ሞተር ቢሆን እነግርህ ነበር» አለች። «አባት ነው።»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። «ይቅር በይኝ... የሰው ወሬ ይዤ ነው» አለ።

«ሐኪም አየዋቸው?»

«ለሐሙስ ቀጠሮ አለው። ያቺ ልጅ ካልመጣች አልሄድም ይላል።»

«እና አንተስ?»

«እኔማ ጉድ ሆኛለሁ። መኪናዋ ጠብታም አታፈስም። ምን አሳብቤ ልምጣ?»

«ሳታሳብብ ና።»

መጣ። ሐሙስም ሦስቱ አብረው ሄዱ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ብቻቸውን እንዳይውሉ አዘዘ፤ ስለዚህ አባባ ጋራዡ ውስጥ እየዋሉ ለደንበኛው ሁሉ የመንገድ ምክር ይሰጡ ጀመር።

በዓመቱ ተጋቡ። በሠርጋቸው ቀን አባባ ከጎኗ ተቀምጠው፣ ልጃቸውን መቼ እንደምታገባላቸው ሦስት ጊዜ ጠየቋት። ሦስቱንም ጊዜ፣ እንደ አዲስ፣ «ዛሬ ነው፣ አባባ» አለቻቸው። እሳቸውም ሦስቱንም ጊዜ፣ እንደ አዲስ፣ ደስ አላቸው።