የካርቶን ጉልበተኛ

ደባርቅ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት ወይዘሮ ፈትያ ሰኞ ጠዋት ልጃቸው ሰልሰቢል ወደምትማርበት ትምህርት ቤት መጥተው፣ «ያ የኳስ ቡድኑ አምበል ጉልበተኛ ነው። የልጅ ደብተር ሲቀድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእንግዲህ ልጄን ለጥናት እሱ ዘንድ አልልክም» አሉ። አምበሉ ሙሰዓብ ደግሞ ተጠርቶ ሲጠየቅ፣ «የማንንም ደብተር ቀድጄ አላውቅም» አለ።

ሁለቱም አልዋሹም። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የአሥራ አንደኛ ክፍሏ እየሩስ ነበረች።

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ያቀረበው ድራማ የእሷ ድርሰት ነው። በድራማው ውስጥ ደረቱን የነፋ፣ ከኳስ በቀር ምንም የማያውቅ ተጫዋች አለ፤ ጎበዝ ተማሪዎችን ያስፈራራል፣ ደብተራቸውን ይቀድዳል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍባቸዋል። ሙሰዓብን ለምና፣ የገዛ ማልያውን አስለብሳ መድረክ ላይ ያወጣችው እሷው ናት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ተማሪ ደብተሩ የሚቀደድበትን ቦታ ብቻ ቆርጦ በቴሌግራም ለቀቀው። ወይዘሮ ፈትያና የሌሎች ወላጆች ስልክ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር።

ቅዳሜ እየሩስ ሙሰዓብን ፍለጋ ሄደች። ከልምምድ በኋላ ስድስት የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ የሚያስጠናበት ክፍል ባዶ ነበር። እሱ ብቻ ጭቃ የነካው ጫማውን ሳያወልቅ ጠመኔ ይዞ ቆሟል።

«ልጆቹስ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌባቸው ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። «ሁለት ዓመት አስጠናሁ፣ እየሩስ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ በለጠኝ። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ተጫዋች የት አይተሽ ነው?»

«ፊልም ላይ ስፖርተኛ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

«እዚህስ?»

የቡድኑን ልጆች አንድ በአንድ አሰበች። በረኛው ከዛሪማ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው፤ በኬሚስትሪ የሚደርስበት የለም። ተከላካዩ በእርግጥ ተሳዳቢ ነው፤ ግን ኳስ ሳይጀምርም ተሳዳቢ ነበር።

ወዲያው ወደ ሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ወደ መምህር ባርናባስ ሄዳ ድራማውን ልተወው አለች።

«ለጎንደሩ የድራማ ውድድር ተመርጦልሽ?» አሉ መምህሩ ተገርመው። «ሰው የሳቀበትን ምን ሆነሽ ታፈርሺዋለሽ? ጨዋታ መሆኑ ለማን ይጠፋዋል?»

«ለወይዘሮ ፈትያ ጠፋቸው፣ መምህር።»

ከመምህሩ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ያ የድራማው ቁም ሳጥን ቆሟል። ትምህርት ቤቱ የተማሪ ቁም ሳጥን ኖሮት አያውቅም። ፊልም ላይ ስላየችው ብቻ ከቴሌቪዥን ካርቶን ሠርታ ግራጫ ቀለም ቀብታዋለች። እየሩስ አፍጥጣ አየችው።

ከስክሪን የቀዳነውን ሰው ጎረቤታችን ላይ ስናለብሰው እኛ ስቀን ወደ ቤታችን እንገባለን፤ ልብሱ ግን እሱ ላይ ይቀራል። ያለበሰው ሰው ደግሞ ማውለቅም አለበት።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ እየሩስ ማይኩን ተቀበለች። መምህር ባርናባስ ከጎኗ ነበሩ፤ አልከለከሏትም።

«ሙሰዓብ ድራማው ላይ የቀደደው እኔ ያቀበልኩትን ባዶ ደብተር ነው» አለች። «ቁም ሳጥኑን ከካርቶን ሠራሁት፤ ጉልበተኛውንም እንደዚያው። ዛሬ ከክፍል ስወጣ ወይዘሮ ፈትያ ሱቅ ሄጄ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ለውድድሩ ሌላ ድራማ እጽፋለሁ፤ ካልደረሰልኝ እቀራለሁ። ይህን ይዤ ግን ጎንደር አልሄድም።»