የተቀበረው መድኃኒት

የሙስሊማ ሬሳ የተገኘው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ቤተሰቡ «የልብ ሕመሟ ነው የገደላት» ብሎ ለቀብር ሲሰናዳ፣ ለመካነ ሰላም ፖሊስ የደወለችው ነርሷ ሙሉሐረግ ነበረች።

«ሰኞ መርፌና ክኒን ልትወስድ ቀጠሮ ነበራት። ቀርታ አታውቅም» አለች።

ዋና ሳጅን ትህትና አፏ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ሬሳው ከተኛበት አልጋ ይልቅ የጓዳው በር ሳባት። በውስጥ በኩል ተቧጭሯል፤ መቀርቀሪያው ያለው ግን በውጭ ነው። በሟቿ ጥፍር ሥር የእንጨት ስንጣሪ አለ። በቤቱ ደፍ ሥርና በአጥሩ በር ላይ ደግሞ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ቤቱ ከጎረቤት የራቀ ስለሆነ ማን እንደቆፈረው ያየ የለም።

የባሏ እናት እማማ ኸዲጃ ከሴት ልጃቸው ከአርዋ ጋር ማሻ የምትባል መንደር ለቅሶ ሄደው፣ ከእሑድ ጀምሮ ሰንብተው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው የተመለሱት።

«እማማ፣ ስትመለሱ በሩ እንዴት ነበር?»

«ክፍት ነበር የኔ ልጅ። አልጋዋ ላይ ተኝታ አገኘናት» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ባሏ ሀቢቡላህ ሰባት ዓመት ሪያድ ላይ መኪና ሲነዳ ኖሮ ከገባ ሦስት ወሩ ነው።

«እኔ ወላሂ አቀስታ ከተማ ነበርኩ። ዛሬ ቀትር ላይ ስገባ ነው ለቅሶውን የሰማሁት።»

«ሕመሟን ታውቅ ነበር?»

«ቀላል ነው፣ በመርፌ ይያዛል ብላኛለች። ልጅ መውለድ የምትሸሽበት ምክንያት ግን አልገባኝም።»

«የቤተሰቡ የጤና መድን ካርድስ?»

«ጠፍቷል።»

ሼህ ጀማሉዲን ዱዓ ሲያደርጉ ለቀስተኛው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ትህትና ግን የሰዉን መዳፍ መዳፉን ታይ ነበር። ከዚያ ወጥታ ነርሷ ዘንድ ሄደች።

«ካረገዘች ልቧ አይችልም» አለች ሙሉሐረግ። «ባሏ ይህን ከሰማ ይፈታኛል ብላ ፈራች። ከተፈታች ስሟ ከመድኑ ካርድ ይወጣል። ያለ ካርዱ ደግሞ የልቧን መድኃኒት የምትገዛበት አቅም የላትም። በዚህም በዚያም ሞት ነው፣ ሳጅን። የወሊድ መከላከያው ግን በነጻ ስለሆነ ካርድ አይጠየቅበትም፤ በድብቅ ወሰደች። ቅዳሜ ደውላ ‹ያስቀበርኩት መድኃኒት ለልቤ አያሰጋም አይደል?› ስትለኝ የሰው ኮቴ ሰማችና ስልኩን ዘጋችው።»

ትህትና ደሟ ፈላ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ገላው እንዲህ ይታጠራል?

ዐሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም የቤተሰቡን አባላት ሼሁ ባሉበት ሰበሰበቻቸው።

«ሙስሊማ መድኃኒት አስቀብራ ነበር» አለች።

አርዋ ሳታስበው ግራ ክንዷን ያዘች። እማማ ኸዲጃ የአርዋን ክንድ አዩ። ሀቢቡላህ ግን ወደ ደፉ ዞረ።

«አያችሁ?» አለች ትህትና። «ሴቶቹ በየወሩ ከጤና ባለሙያዋ ዘንድ ሲሰበሰቡ ‹የሚቀበር› ሲባል የሚሰሙት ክንድ ውስጥ የሚገባውን የወሊድ መከላከያ ነው። የዚህ አገር ሴት ይህን ሰምታ ዶማ አታነሳም። መሬት የሚቆፍረው ቃሉን በድሮ ትርጉሙ ብቻ የሚያውቅ፣ ደፍ ሥር ድግምት ተቀብሮብኛል የሚል ሰው ነው። ሰባት ዓመት እዚህ ያልነበረ ሰው። ሀቢቡላህ፣ ዱዓ ላይ መዳፍህን አይቻለሁ። የመኪና መሪ የለመደ እጅ ዶማ ሲይዝ ውሃ ይቋጥራል፤ መቃብሩ ደግሞ ገና አልተቆፈረም። ቅዳሜ ስልኩን የሰማኸው አንተ ነህ። እሑድ እናትህ ሲወጡ ስልኳንና ካርዱን ነጥቀህ ቆለፍክባት። ክኒኗ ግን አልቆ ነበር፤ ተቆልፋ የሰኞውን ሳትወስድ ልቧ ቆመ። ኮትህን ስጠኝ።»

ከኮቱ የውስጥ ኪስ የመድኑ ካርድ ወጣ። የሙስሊማ ፎቶ ከባሏ ፎቶ ጎን ተለጥፏል።

«እማማ፣ እርስዎም በሩን ከፍተው አልጋ ላይ ያስተኟት ልጅዎን ለማዳን ነው።»

አሮጊቷ አልካዱም።

«እንድትሞት አልነበረም!» አለ ሀቢቡላህ። «እስክትናገር ብዬ ነው።»

«አልተናገረችም?»

ሀቢቡላህ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ተናግራለች። ሰኞ ጠዋት ‹ክንዴ ውስጥ ነው፣ ግባና ዳስሰው› አለችኝ። የምታላግጥብኝ መስሎኝ እንደተቆለፈች ትቻት አቀስታ ሄድኩ።»

አርዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እማማ ኸዲጃ ግን ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት።

«አብሬያት ሄጄ መድኃኒቱን ያስቀበርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጅ ባይኖርህ እንኳ እሷ ትኑርልህ ብዬ።»