የተራራው ከተማ መስመር

ታናሽ እህቷ የእሷን ሥራ የራሷ አድርጋ ካወራች ዓመታት አልፈዋል። «መርፌ» ግን ዛሬም ነገሩ ሲነሳባት ጥርሷን ታፋጫለች።

መርፌ የሥራ ስሟ ነው። የእህቷ የሥራ ስም ደግሞ «ሐር»። ስም እንኳ ሲታደል እንዲህ ነው፤ ለአንዷ የሚወጋ፣ ለአንዷ የሚለሰልስ።

ወደዚህ የስለላ ሥራ መጀመሪያ የገባችው መርፌ ናት። ታናሿ ትማር ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። የሰው ልብስ አጠበች፣ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ በመጨረሻም እጇን ይዛ እዚሁ ሥራ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያስ? ርካሹ አየር መንገድ አዳዲስ አውሮፕላኖች ሊገዛ መሆኑን ጆሮዋን በር ላይ ለጥፋ የሰማችው መርፌ፤ አንደበቷን አሳምራ ለአለቆች ያወራችው ሐር። ሐር ተመሰገነች። ለሐር ወንበር ተሰጣት።

ለመርፌ መወልወያ።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኸው ነው።

አሁንም በገበያ አዳራሹ፣ የሳሙናው መደርደሪያ ጋ ቆማ የምታስበው ይህንኑ ነው። ከመደርደሪያው ወዲያ «አጎት» ቆሟል። የማንም አጎት አይደለም፤ የሁለቱም እህትማማቾች አዛዥ ነው። ሁለቱንም ርካሹ አየር መንገድ ቢሮ ውስጥ የሰገሰጋቸው እሱ ነው፤ አንዷን የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ፣ አንዷን ጽዳት አድርጎ። ደመወዛቸው የሚመጣው ግን ከተፎካካሪው፣ ከአንጋፋው አየር መንገድ ነው።

«ሳሙና ተወዷል» አለ አጎት። ማንም አልተከተለሽም ወይ ማለቱ ነው።

«አረፋው ግን ጥሩ ነው» አለች። ማንም አልተከተለኝም ማለቷ ነው።

«በይ።»

«የተራራው ከተማ ነው። ርካሹ አዲሱን መስመር የሚከፍተው ወደ ተራራው ከተማ ነው።»

አጎት አንድ ሳሙና አነሳ። አሸተተው። መለሰው።

«ሐር የወደቡ ከተማ ነው ብላለች።»

«ሐር ተሳስታለች።»

«ሐር የምትቀመጠው ሥራ አስኪያጁ ደጃፍ ነው። አንቺ የት ትቀመጫለሽ?»

«እኔ አልቀመጥም። እወለውላለሁ።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«አስተናጋጆቹ ሲለማመዱ ሰማሁ። ‹ወደ ተራራው ከተማ እንኳን በደህና መጣችሁ› እያሉ።»

አጎት በአፍንጫው ሳቀ። «አንጋፋው በእንኳን ደህና መጣችሁ ዕቅዱን ይለውጥ?»

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ወደ ተራራው ከተማ የሚበረው አንጋፋው ብቻ ነው፤ የሚኖረውም በዚያ መስመር ነው። ሐርን አምኖ አውሮፕላኖቹን ወደ ወደቡ ቢያዛውር የተራራው ከተማ ባዶውን ይቀራል። ርካሹ ደግሞ በተከፈተ በር ዘው ይላል።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ አለቆች ይወስናሉ» አለ አጎት። «እስከዚያ ማስረጃ አምጪ። ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል። የዋሸችውን እኔው ራሴ ለርካሹ ጥበቃዎች አስረክባታለሁ። እስር ቤት ትወልውል።»

ትወልውል አለ፤ ከሁለቱ የምትወለውለው ደግሞ አንዷ ብቻ ናት።

መርፌ ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲዋን ይዛ ገባች።

ርካሹ አየር መንገድ በዋዛ ርካሽ አልሆነም። ሲጀምር የነበረው ሁለት አሮጌ አውሮፕላን ነው፤ ዛሬ ሜዳው አልበቃው ብሏል። ያደገበት ዘዴ አንድ ነው። አንድ ከተማ ባዶ ወንበር ካሳየ ያለ ስንብት ይተወዋል፤ ወዲያው ሌላ ይከፍታል። መንገደኛው ውኃ ሲጠማው ይገዛል፣ ሻንጣ ሲያበዛ ይከፍላል። ቢሮውም ያው ነው። ኮሪደሩ ላይ አንዱ አምፖል ሲበራ የሚቀጥለው ይጠፋል። ሻይ ከኪስ ነው። ሠራተኞቹ «አየሩን ያላስከፈሉን ረስተው ነው፣ እንዳታስታውሷቸው» ይባባላሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ደወሉ ነው።

ቢሮው ከማረፊያው ሜዳ ጥግ ነው። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ኪሳራ ነው ስለሚሉ፣ አውሮፕላን አርፎ የሚጠርግ ሰው ሲያንስ ደወል ይደወላል። ያን ጊዜ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ጸሐፊዋ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ቢጫ ሰደርያውን አጥልቆ፣ የቆሻሻ ከረጢት አንጠልጥሎ ይሮጣል። ቢጫ ሰደርያ የሌላት መርፌ ብቻ ናት። እሷ ከጽዳት ድርጅት በኪራይ የመጣች ስለሆነች ሜዳው ላይ አትደርስም። እንግዲህ ጉድ በሉ፤ ጽዳቷ ቁጭ ብላ አለቃው ይጠርጋል።

ሐር ጠረጴዛዋ ጋ ነበረች።

«እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ» አለች መርፌ።

እህቷን! ንፍጧን የጠረገችላትን፣ በጀርባዋ ያዘለቻትን! ሰው ፊት አንቱታው ግዴታዋ ነው።

«አደርሽ? እግሬ ሥር በደንብ አልጸዳም» አለች ሐር፣ ቀና ሳትል።

«እግርዎን ከፍ ያድርጉልኝ።»

አዲስ ጫማ አድርጋለች። መርፌ ጎንበስ ብላ ስትወለውል አየችው። በጫማዋ ቀናች። በሽቶዋ ቀናች። አጎት የሐርን ስም ሲጠራ ድምፁን በማለዘቡ ሳይቀር ቀናች። ሰው ቅናቱን ይደብቃል፤ እሷ ግን ከራሷ ደብቃው አታውቅም። ምስጥ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ሲበላት ትሰማዋለች።

ጥቂት ቆይቶ ሐር ተነስታ፣ ደወል ቢደወል ብላ ቢጫ ሰደርያዋን ክንዷ ላይ ጥላ፣ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄደች።

መርፌ ባልዲዋን እየገፋች ተከተለቻት።

እዚያ ያለችው ጠባብ ክፍል ድሮ የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ነበረች። አሁን ብርድ ልብሶቹን ግድግዳው ላይ ቸንክረው ድምፅ መቅጃ አድርገዋታል። አውሮፕላን ውስጥ ለመንገደኛ የሚለቀቀው ንግግር የሚቀዳው እዚያ ነው። ርካሹ ለድምፅ ባለሙያ ስለማይከፍል ከሠራተኛው መካከል ድምፁ የተወደደለትን ያስነብባል።

መርፌ ተንበረከከች። ስልኳን በወለል ጨርቅ ሸፍና ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋች።

መቅጃውን ተጫነች።

«ውድ መንገደኞቻችን፣ ወደ ተራራው ከተማ እንኳን በደህና መጣችሁ…»

የሐር ድምፅ ነበር።

መርፌ ጨርቁን በጡጫዋ ጨበጠች። ሐር አልተሳሳተችም። ታውቃለች። እያወቀች ነው የዋሸችው።

«ድገሚው፣ ትንሽ ፈገግ ብለሽ» አለ የሚቀዳው ሰው።

ሐር ደገመችው። ማማሩ! በዚያ ሁሉ ንዴት መካከል ቅናቱ ቀድሟት ደረሰ። ይህ ድምፅ ደመና ላይ ሊሰማ ነው። የመርፌን ድምፅ ከ«እግርዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ሌላ የሰማው የለም።

ሐር ስትወጣ ክንዷን ይዛ ዕቃ ቤት አስገባቻት። በሩን በጀርባዋ ዘጋች። ስልኩን አውጥታ ትንሽ አሰማቻት።

ሐር አመድ መሰለች። «እትዬ…»

«እትዬ አትበይኝ! ሰው ፊት ‹አደርሽ› ብለሽ፣ እዚህ እትዬ?»

«አጥፊው፣ በናትሽ።»

«አጎትን ለምን ዋሸሽው?»

«መስመሩ ሲከፈት የተራራው ከተማ ቢሮ ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው። በእውነተኛ ስሜ፣ እትዬ። በሩ ላይ ስሜ ሊለጠፍ ነው። ሐር መባል ሰለቸኝ።»

«የኔስ ስም የት ይለጠፍ? ባልዲው ላይ?»

መርፌ እጀታውን ያዘች። እኩለ ቀን እየቀረበ ነው። ይህን ቀረጻ ለአጎት ብታደርስ ነገሩ አለቀ፤ ሐርም አለቀላት።

«አትውጪ!» ሐር ቀሚሷን ጨመደደቻት። «ከነማስረጃሽ ሊይዙሽ መውጫው ላይ እየጠበቁሽ ነው።»

«ማን?»

«ጥበቃዎቹ።»

«ማን ነገራቸው?»

ሐር የያዘችውን ቀሚስ ለቀቀች።

«ማን ነገራቸው አልኩሽ!»

«አጎት ነው ያዘዘኝ። ‹መርፌን አሳልፈሽ ስጪያቸው፣ ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ይበልጥ ያምንሻል› አለኝ ትናንት። ማስረጃ አምጪ ያለሽ ቢሮው ውስጥ እንዲያቆይሽ ነው።»

«አንቺስ?»

ሐር ዓይኗን ጫማዋ ላይ ጣለች። «ጠዋት ነገርኳቸው።»

ጠዋት። እግሯ ሥር ጎንበስ ብላ ስትወለውል፣ ነግራ ጨርሳ ነበር።

መርፌ አልጮኸችም። እጇን ዘረጋች።

«ስልክሽን አውጪ። የትልቁ ሰውዬ ቁጥር አለሽ አይደል? ለኔ አልተሰጠኝም።»

ትልቁ ሰውዬ የአጎት የበላይ ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ለተወደደ ብቻ ነው።

«ምን ልበለው?»

«እውነቱን። የወደቡ ከተማ ስህተት ነበር በይ፤ ስህተት አይገድልሽም። ማን እንዳገኘውም ንገሪው። ይህን ካልሽ አጠፋዋለሁ። ካላልሽ ለአጎት አሰማዋለሁ፤ ለሥራ አስኪያጅሽም ማን እንደሆንሽ እነግረዋለሁ።»

ከኮሪደሩ የጫማ ድምፅ መጣ።

በር ተከፈተ። ተዘጋ። ቀጣዩ ተከፈተ።

ሐር ደወለች፤ ድምፁን ወደ ውጭ አወጣችው።

«ሐር ነኝ። የተራራው ከተማ ነው። የወደቡ ያልኩት ስህተት ነበር። አውሮፕላኖቹን አታንቀሳቅሱ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» የወፍራም ሰው ድምፅ ነው። «ማን አገኘው?»

ሐር እህቷን አየቻት። «መርፌ።»

«ማን?»

«መርፌ። የዚያን ጊዜም የአውሮፕላኖቹን ግዢ ያገኘችው እሷ ናት። እኔ አልነበርኩም።»

ይህኛውን መርፌ አላዘዘቻትም።

«መርፌ» አለ ሰውዬው፣ ስሙን እንደሚያኝክ ሁሉ። «እሺ።» ስልኩ ተዘጋ።

ደወሉ ጮኸ።

ሕንፃው በሙሉ ተነስቶ ሮጠ። መርፌ የእህቷን ሰደርያ አየችው፤ ከክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አምጪው።»

«እኔስ?»

«አንቺ ዛሬ አትጥረጊ።»

ቢጫውን አጥልቃ ወጣች። ሁለት ጥበቃዎች ኮሪደሩን ዘግተው ቆመዋል።

«ጽዳቷን ያያችኋት አላችሁ?» አለ አንዱ።

«ዛሬ የማይጠርግ ማን አለ?» ብሎት ሒሳብ ሠራተኛው እየሮጠ አለፈ። ሰው ሳቀ። መርፌም ሳቀች።

አለፈች።

ደረጃው ሥር አንድ እጅ ትከሻዋን ያዛት።

ሥራ አስኪያጁ ነበር። የቆሻሻ ከረጢት አስታቀፋት። «ፍጠኚ እንጂ! የቆመ አውሮፕላን አያበላንም!» ፊቷን እንኳ አላየውም። በየቀኑ ጠረጴዛውን ስትወለውልለት አይቷት አያውቅ፣ ዛሬ በምን ያውቃታል?

አውሮፕላኑ ውስጥ ገብታ የሰው ፍርፋሪና የተጨማደደ ሶፍት ለቀመች። ከመንገደኞቹ አንዲት አሮጊት ከሦስት ፌስታል ጋር እየታገሉ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር።

«ልያዝልዎ፣ እናቴ።»

«ተባረኪ ልጄ። እነዚህኞቹ ውኃውን ሸጡልኝ፣ ሰላምታቸውንም ያስከፍሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።»

ፌስታሉን ይዛ ከአሮጊቷ ጎን መውጫውን አለፈች። ሰደርያው መጸዳጃ ቤት ቀረ።

አውቶቡስ ላይ ሳለች ስልኳ ጠራ። አጎት ነው።

«የት ነሽ? ትልቁ ሰውዬ አምጧት ይላል። ደስ ብሎታል። በኔና ባንቺ መካከል የሆነውን… እንግዲህ ሥራ ነው፣ አይደል?»

«ምን ብሎ ጠራኝ?»

«መርፌ ብሎ ነዋ።»

«ድገመው።»

«ምኑን?»

«ስሙን።»

«…መርፌ።»

ዓመታት እንዲጠራላት የጠበቀችው ስም በሸጣት ሰው አፍ ተጠራ። ከእንግዲህ ምን ያደርግላታል? ጥበቃዎቹ መልኳን ይዘዋል፣ አጎት ዋጋዋን ያውቃል።

«እሷን አታገኛትም» ብላ ዘጋችው።

አንጋፋው አውሮፕላኖቹን አላነቃነቀም። ርካሹ ወደ ተራራው ከተማ ቢበርም ወንበሩ አልሞላ አለው፤ እንደ ልማዱ ያለ ስንብት ዘጋውና ወደ ሌላ ከተማ ዞረ። የሐር ስም የሚለጠፍበት በር አብሮ ተዘጋ። ሐር ወደዚያው ወንበሯ ተመለሰች አሉ። ለእህቷ አልደወለችም። እህቷም አልደወለችላትም። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ እንደ ባዳ።

መርፌ የነበረችው ሴት የመስመሩን መዘጋት የሰማችው አንድ የእንግዳ ማረፊያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ ከሥራ ጓደኛዋ ራዲዮ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የሁለቱም አየር መንገዶች መስመር አይደርስባትም። እዚያ «አንቺ አዲሷ» ይሏታል።

ቀረጻው ግን ገና ስልኳ ላይ ነበር። አጠፋዋለሁ ብላ ቃል ገብታ አላጠፋችውም። አንሶላ በጨመቀች ቁጥር፣ እጇን አድርቃ ትከፍተዋለች። ውድ መንገደኞቻችን። እንኳን በደህና መጣችሁ።

ያን ቀን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አሁንም ያምራል» አለች። «አሁንም ያቃጥለኛል።»

«ማነው የሚያቃጥልሽ?» አለች የሥራ ጓደኛዋ ከማዶ።

«ታናሽ እህቴ።»

ይህን ቃል ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ቀረጻውን አጠፋችው፤ እርጥቡን አንሶላ ታቅፋም ልታሰጣ ወጣች።